ነቀምቴ ሳይደርሱ የሚፈላ ሞተር

ለፋሲካ ወለጋ ቤተሰብ ዘንድ ለመሄድ አስበው ከሆነ፣ የልጆቹ ሻንጣና የአያት ስጦታ ከመጫኑ በፊት የመኪናዎን ኮፈን ይክፈቱ። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በሆለታ፣ በጊንጪና በአምቦ አልፎ ከጉደር ወደ ጌዶ ደጋ ይወጣል፤ ከጌዶ ደግሞ ወደ ባኮ ሞቃታማ ሜዳ ይወርዳል። ከባኮ ወዲያ እንደገና ዳገት አለ። ነቀምቴን አልፈው ወደ ጊምቢ የሚቀጥሉ ከሆነም የዴዴሳ ሸለቆ ይጠብቅዎታል፤ ወርዶ መውጣት ግድ ነው። ከየካቲት ጀምሮ ዝናቡ እስኪገባ ድረስ ቆላው ያቃጥላል። ዳገት ጥግ ቆመው፣ ኮፈናቸውን ከፍተው እንፋሎት የሚያወጡ መኪኖች የሚበዙትም ያኔ ነው።

ሾፌሩ ብዙ ጊዜ “ሙቀቱ ነው ያፈላት” ይላል። በእኔ እምነት ግን ሙቀቱ ምስክር እንጂ ጥፋተኛ አይደለም። ከባኮ እጅግ በሚብስ ሙቀት፣ በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ መኪኖች ጤነኛ ከሆኑ አይፈሉም። በአዲስ አበባ ብርድ ተሸፍኖ የከረመ ድካም ነው እዚህ የሚጋለጠው።

ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው ደግሞ በጣም ርካሹ ዕቃ ነው፤ የራዲያተር ክዳን። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ አዲስ አበባ ላይ በ92፣ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ነቀምቴ ደግሞ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሞተርዎ የዘወትር ሙቀት 90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ዳገት ላይ ከዚያም ያልፋል። ታዲያ በየቀኑ የማይፈላው ለምንድን ነው? ክዳኑ ውስጥ ያለው ሞላ (ስፕሪንግ) እና ጎማ ውሃውን አፍኖ በግፊት ስለሚይዘው ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎ ያገኛሉ፤ የሚይዘው ግፊት በባር መሆኑ ነው። 0.9 የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ነቀምቴ ላይ እንኳ ውሃው 110 ዲግሪ እስኪያልፍ እንዳይፈላ ያደርጋል። ጎማው ከተሰነጠቀ ግን ያ ሁሉ መጠባበቂያ ይጠፋል። ለዚህ ነው ክዳን ለእኛ ለደገኞቹ ከወደብ ሾፌር ይበልጥ የሚያስፈልገን። ሲቀይሩ ቁጥሩ ከበፊቱ ጋር አንድ ይሁን። “ከፍ ያለው ይሻላል” የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት አይስሙት፤ ያረጀ የጎማ ቱቦ ትርፍ ግፊት አይችልም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ማራገቢያው (ፋኑ) ነው። በሜዳ በ80 ሲነዱ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያበርደዋል። ከባኮ በኋላ ባለው ዳገት የተጫነ ሲኖትራክ ተከትለው በ20 ሲያዘግሙ ግን ሥራው ሁሉ የፋኑ ነው። ኤሲ ከፍተው ከሆነ ሌላ ሙቀት ራዲያተሩ ፊት ተጨመረ ማለት ነው። ከጉዞው በፊት ቤት ደጃፍ ላይ ሞተሩን አስነስተው፣ ኤሲውን ከፍተው ይጠብቁ፤ ኤሌክትሪክ ፋን ያለው መኪና ፋኑ ሲነሳ ይሰማል። ካልተነሳ ፊውዙን ወይም ሞተሩን ኤሌክትሪሺያን ይይልዎ። በራዲያተሩ ፊት የተጠራቀመ አቧራና ጭቃም በቀላል ውሃ ይታጠብ፤ በኃይለኛ ግፊት ካጠቡት ግን ስስ ክንፎቹ ይጣመማሉ።

መንገድ ላይ ሳሉ ዓይንዎ ዳሽቦርዱ ላይ ይሁን። ብዙዎቹ ቪትዞች የሙቀት መርፌ የላቸውም፤ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ሲግል ቀይ መብራት ብቻ ነው የሚያሳዩት። ቀዩ ከበራ ማስጠንቀቂያው ዘግይቷል፤ ወዲያውኑ ይቁሙ። መርፌ ካለዎት ከመሃል ከፍ ማለት ሲጀምር ኤሲውን ያጥፉ፣ ማርሽ ቀንሰው ቀስ ይበሉ፣ መስኮት ከፍተው የማሞቂያውን (ሂተሩን) ሙቀት እስከ መጨረሻው ይክፈቱ። ልጆቹ ያማርራሉ፤ ግን ሂተሩ እንደ ትንሽ ራዲያተር ከሞተሩ ሙቀት ይሰርቃል። መርፌው ካልተመለሰ፣ ወይም እንፋሎት ካዩ፣ ከመንገዱ ወጥተው ሞተሩን ያጥፉ። “ከተማው ቅርብ ነው፣ እንድረስ” ማለት ለሞተር የሚከፈል ከባድ ዋጋ ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ቴስታታው ሊጣመም፣ ጋስኬቱም ሊቃጠል ይችላል።

አሁን ትልቁ ጉዳይ መጣ። ከመኪና ይልቅ ሰው የሚጎዳው በዚህ ሰዓት ነው። ክዳኑን አይክፈቱ። ግፊቱ ድንገት ሲለቀቅ ከ100 ዲግሪ በላይ የጋለው ውሃ በቅጽበት ፈልቶ ፊትና ደረት ላይ ይረጫል። ልጆቹን ከመኪናው አርቀው ጥላ ሥር ያስቀምጡ። ለመርዳት ሮጦ የሚመጣ ወጣትም “ልክፈተው” ቢልዎት በትሕትና ይከልክሉት። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ ላይኛው የጎማ ቱቦ በእጅ ሲነካ የማያቃጥልና ሲጨመቅ ልል ሲሆን ወፍራም ጨርቅ ደርበው ክዳኑን ጥቂት ብቻ ያዙሩት፤ ማፏጨቱ ሲያበቃ ይጨርሱት።

ሰው ከተቃጠለ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ (በረዶ ሳይሆን) ቁስሉ ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል ያፍስሱ፤ ቀለበትና ሰዓት ቶሎ ያውልቁ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙናና እንቁላል ሙቀቱን አፍነው ቁስሉን ያበላሻሉ። ፊት፣ ዓይን ወይም ሰፊ ቦታ ከሆነ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ስለዚህ ከልጆቹ የመጠጥ ውሃ የተለየ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ይዘው ይውጡ። ካለቀብዎ ወደ ቀረበው ቤት ሄደው “ቢሻን” ቢሉ ይበቃል፤ ውሃ በኦሮምኛ ነው። ወለጋ ውስጥ ለመንገደኛ ውሃ የሚነፍግ ቤት አላጋጠመኝም።

ሞተሩ ከበረደ በኋላ ከመኪናው ሥር ጎንበስ ይበሉ። ጠብታ ካለ፣ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የላላ ማሰሪያ፣ ወይም ፓምፑ ሥር የነጭ ዝገት ምልክት ይፈልጉ። የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋ ከተበጠሰ መኪናው ሳይጠገን አይንቀሳቀስም። ጎድሎ ከሆነ ውሃውን ቀስ እያደረጉ ይሙሉ፤ ገና ትኩስ በሆነ ሞተር ላይ ብዙ ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ መጨመር ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል። የምንጭም ሆነ የወንዝ ውሃ ለችግር ቀን ይፈቀዳል። ቤትዎ ሲደርሱ ግን ይፍሰስና በኩላንት ይተካ፤ ካልሆነ ማዕድኑ እንደ ውሃ ማፍያ ግርጌ በራዲያተሩ ቧንቧዎች ይጋገራል።

አንዳንድ መካኒክ በዚህ ሰዓት “ቴርሞስታቱን እናውልቅና ተገላገል” ይላል። ይህ የተለመደ ምክር ነው፤ እኔ አልወደውም። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ያግዳል፣ ሲሞቅ ይለቃል። ካልተከፈተ ይቀየር እንጂ ባዶ አይሁን። ከሌለ ሞተሩ በደጋ ብርድ ሙቀቱን ሳያገኝ ነዳጅ ይበላል። በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ትቶ በአቋራጭ ስለሚዞር ይብስ ያፈላዋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ያለችውን መኪና አቆይቶ መያዝ የብዙ ቤተሰብ ዕቅድ ሆኗል፤ አሥር ዓመት ለሚያቆዩት ሞተር በአንዲት ቴርሞስታት መቆጠብ አያዋጣም።

ውሃ ሞልተው ከመነሳትዎ በፊት የዘይት መለኪያውን ይሳቡ። ዘይቱ ወተት እንደገባበት ቡና ከደፈረሰ፣ ወይም ሞተሩ ሲነሳ ከጭስ ማውጫው የማያቋርጥ ወፍራም ነጭ ጭስ ከወጣ፣ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ሞተሩን ያጥፉ፣ ደግመው አያስነሱ። መኪናው ተጭኖ ወደ ነቀምቴ ጋራዥ ይሂድ፤ እርስዎና ልጆቹ በሚኒባስ ይቀጥሉ፣ አያት ከመሸ በፊት ይጠብቋችኋል።