የአውሳ ሱልጣንና የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ

ለንጉሥ የሚገብር፥ በአገሩ ግን ራሱ ጌታ የሆነ መስፍን ኑሮው እንዴት ያለ ነው? በመካከለኛው ዘመን በጆርጂያ እንዲህ ያለውን ሹም ኤሪስታቪ ይሉት ነበር። እኛ ግን ምሳሌ ፍለጋ ያን ያህል መራቅ አያሻንም፤ አሳይታ ይበቃናል።

አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በአውሳ ቆላ ይቀራል። የአውሳ ሱልጣኖች ኃይል የመነጨው ከዚህ ለም ምድር ነው። የሱልጣን መሐመድ ሐንፈሬ ተዋጊዎች በ1868 ዓ.ም. ሙንዚንገር የመራውን የግብፅ ጦር ደመሰሱ። ሱልጣኑ በ1881 ዓ.ም. ደግሞ ከኢጣልያ ጋር ተዋዋሉ። በኃያላን መካከል የሚኖር መስፍን ብልሃቱ ይኸው ነው።

በ1936 ዓ.ም. መንግሥት ሱልጣን መሐመድ ያዮን ሽሮ ዘመዳቸውን አሊ ሚራህ ሐንፈሬን በቦታቸው ተካ። ሱልጣኑ ለዘውዱ ታማኝ ሆኑ፤ ዘውዱም በውስጥ አስተዳደራቸው እምብዛም አልገባም።

ኋላ ግን ጥጥ መጣ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። የእንግሊዙ ኩባንያ ሚቸል ኮትስ በተንዳሆ ሰፊ እርሻ አለማ፤ ሱልጣኑም ራሳቸው ጥጥ አምራች ሆኑ። የከብት አርቢው የበጋ ግጦሽ ግን ጠበበ፤ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቁ ሲበረታ መሸሻው ጠፍቶ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ የቆየው መግባባት ፈረሰ። ሱልጣኑ በዚያው ዓመት ተሰደዱ፤ በ1983 ዓ.ም. ተመለሱ፤ በ2003 ዓ.ም. አረፉ።

እንግዲህ የመስፍንን ታሪክ ስናጠና «ለማን ገበረ?» ብለን ብቻ አናብቃ፤ «ማን ገበረለት?» ብለንም እንጠይቅ።