የስንዴው ዘር፣ የገበሬው ዐይንና ኮምፒዩተሩ

በዚህ መጽሔት ስለ ስንዴ የሚጽፍ ሰው ከእርሻ ተማሪዎች ወገን ይመጣል እንጂ ከኛ ከቋንቋና ከሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ዘንድ ይነሣል ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ አይኖርም። ነገር ግን ጉዳዩ የእርሻ ብቻ አይደለም፤ የማን ዕውቀት ዕውቀት ይባላል የሚል ጥያቄ አለበት፤ ይህ ደግሞ የኛም ሠፈር ነው። ስለዚህ ባለ ሙያዎቹ ቢታገሡን፣ ዛሬ አዲስ የሰብል ዝርያ እንዴት እንደሚፈለግ፣ በዚህም ፍለጋ ውስጥ የአገራችን ገበሬ ምን ቦታ እንዳለው ለማስረዳት እንሞክራለን።

አስቀድሞ የቆየው መንገድ ይታወቅ። አዳቃዩ ሁለት ወላጅ ተክሎች መርጦ ያዳቅላል፤ ልጆቻቸውን በምርምር ጣቢያ ይዘራል፤ ደካማውን እየጣለ ብርቱውን እያስቀረ ዓመት ከዓመት ይመርጣል፤ በመጨረሻም የተሻለውን በየቦታው ፈትኖ ለገበሬው ይለቃል። ይህ ሁሉ ዐሥር ዓመት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ፍሬውን ማቃለል ግን አይገባም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ከደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማእከል የወጣው «ቁንጮ» የተባለው ጤፍ የዚሁ ልፋት ውጤት ነው። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ከመሆኗ በላይ ማለዳ ለአጭር ጊዜ ብቻ የምትከፈት ስለ ሆነች፣ ታረቀ በርሄ የተባሉት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰዓቷን ጠብቀው እስኪያገኙ ድረስ ጤፍን ከጤፍ ማዳቀል የማይቻል መስሎ ቆይቶ ነበር። እኛ የስምንት ሰዓት ትምህርት የሚከብደን ሰዎች ይህን ስንሰማ ዝም ከማለት በቀር የምንለው የለንም።

ታዲያ በዚህ ላይ ዛሬ የተጨመረው ምንድር ነው? በእያንዳንዱ የስንዴ ሕዋስ ውስጥ በአራት ፊደላት የተጻፈ እጅግ ረዥም ጽሑፍ አለ። የብራና መጻሕፍትን የሚያነጻጽር ሊቅ የሚሠራውን እናስታውስ፤ አንድ ጸሐፊ በአንድ ስፍራ አንዲት ፊደል ቢለውጥ፣ ከርሱ የገለበጡት ሁሉ ያችኑ ለውጥ ይወርሳሉ፤ ሊቁም በዚህ ምልክት የትኛው ቅጂ ከየትኛው እንደ ተወለደ ያውቃል። በስንዴውም እንዲሁ ነው። መሣሪያው ጽሑፉን ዝርያና ዝርያ በሚለያዩባቸው በሺህ በሚቈጠሩ ስፍራዎች ላይ ያነብባል። ቀጥሎም እነዚሁ ዝርያዎች እርሻ ላይ ተዘርተው ቁመታቸው፣ የሚደርሱበት ቀን፣ ምርታቸው ይመዘገባል። ኮምፒዩተሩም ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን አድርጎ፣ ለያንዳንዷ የፊደል ለውጥ ለምርቱ ምን ያህል እንደምትመዝን ጥቂት ጥቂት ክብደት ያድላታል። ከዚህ በኋላ ከቶ ተዘርቶ የማያውቅ አዲስ ዘር ሲመጣ ፊደሉ ብቻ ይነበባል፤ ክብደቶቹ ይደመራሉ፤ የወደፊት ምርቱም ይገመታል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2001 ሦስት ሊቃውንት ለእንስሳት እርባታ አቀረቡት፤ በወተት ላሞች ሠርቶ ወደ ሰብልም ተሻገረ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ብዙው ደካማ ዘር ገና መሬት ሳይነካ ስለሚጣል ዓመታት ይቆጠባሉ።

ይሁን እንጂ ግምቱ ከተማረበት መዝገብ የተሻለ ሊሆን አይችልም። መዝገቡ የተሞላው ማዳበሪያ በጠገበ፣ አረሙ በሰዓቱ በሚነቀል የጣቢያ መሬት ላይ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የጣቢያውን ስንዴ ነው። በወሎ ተራራ ወገብ ላይ፣ ድንጋይ በሞላበት ማሳ፣ ዝናብ ቀድሞ በሚቆምበት አገር ስንዴው ምን እንደሚሆን ማን ነገረው?

እዚህ ላይ ነው የአገራችን ታሪክ የሚገባው። ዱረም የሚባለው፣ ፓስታና ማካሮኒ የሚሠራበት ስንዴ በኢትዮጵያ ደጋ ብዙ ዓይነት ሆኖ የሚገኝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አገራችን የመጣው የሩሲያው ሊቅ ቫቪሎቭም በዚሁ ብዛት ተደንቋል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዘር ባንክ ከየገበሬው ጎተራ የተሰበሰበውን ያስቀምጣል። ተመራማሪዎች ከዚያ 400 ያህል የስንዴ ዓይነቶች አውጥተው በትግራይ ሀገረ ሰላምና በአማራ ገረገራ ዘሩ፤ ስድሳ ገበሬዎች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ በማሳው መካከል እየተዘዋወሩ ለያንዳንዱ ነጥብ እንዲሰጡ ተጠየቁ። ቶሎ መድረሱን፣ የዛላውን መልክ፣ የቅርንጫፉን ብዛት፣ በጠቅላላውም መውደድ አለመውደዳቸውን በነጥብ ተናገሩ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲታተም፣ «ይህ ዛላ ያምራል» የሚለው የገበሬ አባባል ከፊደሉ ጋር ሊመዘን የሚችል እውነተኛ መረጃ ሆኖ ተገኘ።

ቀጥሎ ሌላ ሥራ ተሠራ። በኢትዮጵያ ደጋዎች 1,165 የገበሬ ማሳዎች ተመረጡ። ለእያንዳንዱ ገበሬ የተሰጠው ጥቂት ዓይነት ዘር ብቻ ነው፤ ሁሉንም መዝራት ማንም አይችልምና። ገበሬው በራሱ በሬ አርሶ፣ በራሱ ልማድ አርሞ፣ የትኛው እንደ በለጠ የትኛው እንዳነሰ ይናገራል። አንዱ ማሳ ሀ ከለ ይበልጣል ካለ፣ ሌላው ደግሞ ለ ከሐ ይበልጣል ካለ፣ ኮምፒዩተሩ እነዚህን ቁርጥራጮች እየቀጠለ፣ ከየቦታው የአየር ጠባይና ከዘሩ ፊደል ጋር አገናኝቶ አንድ ሙሉ ሥዕል ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ በዚህ መንገድ የሚደረገው ግምት በጣቢያ ብቻ ከሚደረገው ጋር ሲነጻጸር እርግጠኝነቱ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ልብ እንበል፤ እጥፍ የሚሆነው የግምቱ ትክክለኛነት ነው፤ የስንዴው ምርት አይደለም። በጋዜጣና በንግግር ሁለቱ ሲደባለቁ እንሰማለን።

አንድ ዝርያ ብቻ በሰፊው መዝራት የሚያስከትለውን አደጋ ደግሞ አርሲና ባሌ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 «ዲገሉ» የተባለው፣ ዋግን ይቋቋማል ተብሎ በሰፊው የተዘራው ስንዴ፣ አዲስ ዓይነት የግንድ ዋግ ሲመጣበት ወደቀ። ለየአካባቢው የሚስማማ ልዩ ልዩ ዘር መፈለግ እንግዲህ የቅንጦት ነገር አይደለም።

የቀረው ጥያቄ የባለቤትነት ነው። ከጤፍ የደረሰብንን አንረሳም። እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር ተዋውሎ ጤፍ የወሰደ አንድ የሆላንድ ኩባንያ ስለ ጤፍ ዱቄት በአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ፤ ያም መብት በሆላንድ በፍርድ ቤት የተሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ያን ጊዜ ነገሩ ቢያንስ በከረጢት የሚጫን ዘር ነበር። ዛሬ ግን ፊደሉ ከተነበበ በኋላ ዘሩ ከጎተራ ሳይወጣ ጽሑፉ ብቻ ባሕር ይሻገራል፤ ጉምሩክ የሚፈትሸው ነገር የለም።

መንግሥታት ይህን አይተው እ.ኤ.አ. በ2022 ሞንትሪያል ላይ ጥቅሙ ይከፈል ብለው ተስማሙ፤ በ2025ም የካሊ ፈንድ የተባለው ገንዘብ ተከፈተ። በጽሑፉ የሚጠቀሙ ትልልቅ ኩባንያዎች ከትርፋቸው ከመቶ አንድ ወይም ከገቢያቸው ከሺህ አንድ እንዲያዋጡ፣ ከተዋጣውም ቢያንስ ግማሹ ለነባር ሕዝቦችና ለየአካባቢው ማኅበረሰብ እንዲውል ታስቧል። የቋንቋ ተማሪዎች እንደ መሆናችን ግን ዐይናችን ያረፈው በግሡ ላይ ነው፤ ውሳኔው ኩባንያዎቹ ማዋጣት ይገባቸዋል ይላል እንጂ ይገደዳሉ አይልም።