በለገሃር ከፍታ ላይ ኤሲ ሲጨመር

በአዲስ አበባ በለገሃር ዙሪያ መስታወት በለበሱ ሕንፃዎች ውስጥ የሚሠራ ድርጅት ሠራተኛና ኮምፒውተር ሲጨምር፣ ቢሮውን የሚያሞቀው በዋናነት የውጭው አየር ሳይሆን ከሰዓት በኋላ በምዕራቡ መስታወት የሚገባው ፀሐይና ከሰውና ከመሣሪያ የሚወጣው ሙቀት ነው፤ ስለሆነም ኤሲ ከመገዛቱ በፊት የሙቀት ጭነቱ፣ ማለትም በየሰዓቱ ከክፍሉ መውጣት ያለበት የሙቀት መጠን፣ ሊሰላ ይገባል። መለኪያው ቢቲዩ ሲሆን በሰዓት 12,000 ቢቲዩ 3.5 ኪሎዋት ያህል ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የከፍታ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሯ በባሕር ጠለል ካለው አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ማራገቢያው ያንኑ ይዘት ያለው አየር ቢገፋም በክብደት የሚያንቀሳቅሰው አየርና አብሮት የሚወጣው ሙቀት ይቀንሳል። የውጭው ቅዝቃዜ ኮንደንሰሩን፣ ማለትም ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚለቀውን ክፍል፣ ቢያግዘውም ጉድለቱን ሁሉ ይሞላል ተብሎ አይታሰብም። በመሣሪያው ላይ በተለጠፈው ቁጥር ብቻ ተማምኖ መግዛት እንግዲህ ከባድ ስህተት ነው፤ ከሻጩ የከፍታ ማስተካከያ ሠንጠረዥ መጠየቅ ይገባል።

ይኸው አየር ግን ትልቅ ጸጋም አለው፤ ሌሊቱና ማለዳው ቀዝቃዛ ስለሆነ የኤሲው ኮምፕሬሰር ሳይነሳ የውጭ አየር በማራገቢያ ብቻ አስገብቶ ቢሮውን ማቀዝቀዝ ይቻላል። ይሁን እንጂ ግንባታ በበዛበት ሰፈር አቧራው ማጣሪያውን ቶሎ ስለሚደፍነው፣ የጽዳቱ ወጪ ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ መግባት አለበት።