ለውሻ ግቢ ሰው ሰራሽ ሳር ወይስ የእንጨት ጉዝጓዝ? ተረቱና እውነታው

የፕላስቲክ ሳር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቄጠማ በማይገኝበት አገር ረከቦቱ ስር የምናነጥፈው እሱን ነው። ቡናው ሲያበቃ አራግፈን፣ ጠቅልለን እናስቀምጠዋለን። ሜሪላንድ ያለው ቤታችን ጓሮ ላይ ላስነጥፈው ስወስንም ያሰብኩት እንደዚያው ነበር፤ ጠረግ፣ ለቅለቅ፣ አለቀ። ውሻችን ቡቺ የተፈጥሮውን ሳር ቆፍሮ ጨርሶታል። በምትኩ ያለበስነውን፣ እዚህ ሙልች የሚሉትን የእንጨት ስብርባሪ ጉዝጓዝ ደግሞ በጸጉሩ ይዞ ሳሎን ድረስ ያመጣልን ነበር።

ሰው ሰራሹን ሳር በመምረጤ ዛሬም አልጸጸትም። የሚቆጨኝ የተነገረኝን ሁሉ ማመኔ ነው።

«ሽንቱ ሰርጎ ይሄዳል፣ አይሸትም» አሉኝ። መስረጉስ ይሰርጋል፤ ግን ወዴት? የእኛን ያነጠፈው ሰው ላይ ላዩን ጠራርጎ በቀጥታ ሸክላማው አፈር ላይ ዘረጋው። ግንቦት ላይ ተነጥፎ ሐምሌ ሲገባ፣ የጓሮው በር በተከፈተ ቁጥር ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ይቀበለን ጀመር። አንዱን ጥግ ገልጬ ሳየው አፈሩ ላቁጧል፣ የሳሩም ጀርባ በሚያዳልጥ ዝቃጭ ተለቅልቋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የውሻ ሽንት ውስጥ ከውሃው ሌላ በብዛት ያለው ዩሪያ ነው። ባክቴሪያዎች ዩሪያውን ሲሰባብሩት አሞኒያ ይወጣል፤ አፍንጫ የሚሰነፍጠው እሱ ነው። በሕያው አፈርና በሚበሰብስ እንጨት ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ናይትሮጅኑን ይቀበሉታል፣ ይጠቀሙበታል። ፕላስቲክ ግን ምንም አይቀበልም። ከስሩ ያለው መሬት ውሃ ካላሳለፈ ሽንቱ እዚያው ይከማቻል። «የዩሪክ አሲድ ማጥፊያ» ተብሎ የሚሸጠው ፈሳሽም ዋናውን ጉዳይ ይስታል፤ አብዛኛው ውሻ ዩሪክ አሲዱን ጉበቱ ውስጥ አላንቶይን ወደሚባል በቀላሉ የሚሟሟ ነገር ይለውጠዋል። በብዛት በሽንቱ የሚያስወጣው ዳልሜሽያን የተባለው ዝርያ ነው። በሳሩ መሃል የሚበተነው ዜኦላይት የተባለ ማዕድን አሞኒየምን ይዞ ስለሚያቆይ በእርግጥ ይረዳል፤ ሲሞላ ግን መያዙን ያቆማል። ስለዚህ ከሳሩ ዋጋ በፊት ጠይቁ፤ ከስሩ ምን ያህል የተፈጨ ድንጋይ ይደለደላል? መሬቱ ወዴት ያዘቀዝቃል? የሳሩ ጀርባ በሙሉ ውሃ ያሳልፋል ወይስ እዚህም እዚያም የተበሳ ብቻ ነው? እኛ ሁሉንም አስነስተን፣ 10 ሴንቲሜትር ያህል ጠጠር አስደልድለን እንደገና አስነጠፍነው። ያኔም ቢሆን የውሃ ጎማው ሥራ አልፈታም።

ሌላው ተረት «ሳር ስለሆነ ለእግር ይቀዘቅዛል» የሚለው ነው። ሊጠይቁን የመጡት የባለቤቴ እናት በቀትር ጫማቸውን አውልቀው ገና ሁለት እርምጃ ሳይራመዱ ዘለው ወደ በረንዳው ተመለሱ። «ኧረ ልጄ፣ ይሄ ምጣድ እንጂ ሳር አይደለም!» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ሕያው ሳር ከቅጠሉ ውሃ እያተነነ ራሱን ያበርዳል፤ ፕላስቲክ ይህን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2002 ዩታ በሚገኘው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ሰው ሰራሽ ሳር የለበሰ የስፖርት ሜዳ ሲለካ፣ አየሩ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነበት ቀን የሳሩ ገጽ 93 ዲግሪ ገደማ ደርሷል። ከአስፋልትም በልጦ ነበር። «ውሃ ብታርከፈክፉበት ይበርዳል» ለሚሉም እዚያው መልስ አለ፤ ከ79 ወደ 29 ዲግሪ የወረደው ገጽ በ5 ደቂቃ 49፣ በ20 ደቂቃ ደግሞ 73 ዲግሪ ሆኗል። ያ ሜዳ የጎማ ፍርፋሪ የተሞላ ነው፤ አሸዋ የተሞላው የቤት ሳር ያን ያህል ላይግል ይችላል። ቢሆንም የቡቺ መዳፍ ጫማ የለውም። የእጃችሁን ጀርባ አሳርፋችሁ እስከ ሰባት መቁጠር ካቃታችሁ፣ ለእሱም አይሆንም። ሰው ሰራሽ ሳር እ.ኤ.አ. በ1966 ዝናን ያገኘውም ሂውስተን ባለው አስትሮዶም በተባለ ስታዲየም ጣሪያ ስር ነው፤ የጸሐይ ብርሃን አጥቶ የሞተውን የተፈጥሮ ሳር ሊተካ ገባ። እኔም ቦታው ጥላ ነው ባይ ነኝ፤ ሳር እምቢ ያለበት የቤቱ ሰሜናዊ ጎን።

ጉዝጓዙንስ? «ከተፈጥሮ የተገኘ ስለሆነ ውሻ አይጎዳም» የሚባለው አደገኛ ነው። ከካካዎ ፍሬ ገለባ የሚሠራ ጉዝጓዝ አለ። ቸኮሌት ቸኮሌት ይሸታል፤ ውሻን የሚስበውም ይኸው ሽታ ነው። በውስጡ ያለውን ቴዎብሮሚን የውሻ ሰውነት ቶሎ አያስወግደውም፤ ያስታውከዋል፣ የልቡን ምት ያፈጥነዋል፣ ብዙ ከበላ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትግዙ። ውሻችሁ ከበላ ደግሞ ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቁ ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ።

በሌላ በኩል «ጉዝጓዝ መዥገር ያራባል» የሚለው ፍርድ የችኮላ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በሳርና በጫካ መካከል 90 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የእንጨት ስብርባሪ ወይም የጠጠር መስመር እንዲኖር ይመክራል፤ መዥገሩን እንዲገታ። ዛፍ ስር ደግሞ ጉዝጓዝን የሚተካው የለም፤ እርጥበት ይይዛል፣ በስብሶ አፈር ይሆናል። በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መጨመሩ ግን አይቀርም። «አንዴ ካስነጠፉት አለቀ» የሚባለው ሳርም ዘላለማዊ አይደለም፤ ያረጃል፣ ያን ጊዜ የሚቀረው የፕላስቲክ ቆሻሻ ነው።

አሁን በሰሜኑ ጎን ሳሩ፣ ሜፕሉ ዛፍ ስር ጉዝጓዙ አለ። ጠዋት ጠዋት ቡቺ ሳሩ ላይ ጉዳዩን ይጨርሳል፣ እኔ በጎማው እከተለዋለሁ። ቀትር ላይ ግን ሜፕሉ ስር ሄዶ ጉዝጓዙን ቆፈር ቆፈር ያደርግና ሆዱን እርጥቡ አፈር ላይ አሳርፎ ይተኛል። ሲነሳ ጸጉሩ ላይ የቀረውን ስብርባሪ በር ላይ በብሩሽ አራግፍለታለሁ።