ኤንትሬ ወይስ ሲኖትራክ? የከባድ መኪና ፈተናው ቁልቁለት ነው

ድሮ ከባድ መኪና የነዱ አባት አግኝታችሁ «ከነዷቸው መኪኖች የቱ ይበልጣል?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ «እንደ ኤንትሬ የት ይገኛል!» ይሏችኋል። ከዚያ ትዝታው ይከተላል። የጣርማበር ጉም፣ ቀኑን ሙሉ የሚያልቅ የማይመስለው አቀበት፣ ታኮ ይዞ ከኋላ የሚሮጠው ረዳት። አጠገባቸው የዘንድሮ ሲኖትራክ ሹፌር ካለ ደግሞ ይስቃል። «አባባ፣ እርስዎ ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ እኔ ጭነቴን አራግፌ እመለሳለሁ» ይላል።

ክርክሩ ደስ ይላል፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግኩት ነው። የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ ከሆንኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ታዘብኩ። ሁለቱም የሚከራከሩት አቀበት ስለ መውጣት ነው። ቁጥሮቹን ቁጭ ብላችሁ ስታሰሉ ግን ከባድ መኪናን የሚፈትነው መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እስቲ አብረን እናስላው።

መጀመሪያ መኪኖቹን እንተዋወቅ

የታሪካችን አያት ፊያት 634 ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 መመረት ጀመረ፤ በናፍጣ የሚሠራ ሲሆን ጉልበቱ 80 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነበር። በጣልያን ወረራ ዘመን ወደ አገራችን ገባና «ትሬንታ ኳትሮ» ተባለ፤ በጣልያንኛ «ሠላሳ አራት» ማለት ነው። ስሙ እንዲያውም ከአንድ መኪና አልፎ የትልቅ ጭነት መኪና ሁሉ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል።

ኤንትሬ የዚሁ ፋብሪካ ልጅ ነው። ሙሉ ስሙ ፊያት 682 ኤን 3 ሲሆን «ትሬ» በጣልያንኛ «ሦስት» ነው። የ682 ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1952 ተጀመረ፤ ኤን 3 የመጣው በ1960ዎቹ ነው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ስለሠራ «የአፍሪካ ንጉሥ» የሚል ቅጽል አትርፏል። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ ከ10 ሊትር በላይ የሆነ ነው። ከተማ ውስጥ የምታዩት ትንሹ ቪትዝ 1 ሊትር ገደማ ስለሆነ፣ አሥር ቪትዝ በአንድ ኮፈን ስር እንደማለት ነው። ጉልበቱ ግን 180 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ብቻ ነበር።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምርላችሁ። በዚያ ዘመን የጣልያን ከባድ መኪኖች መሪያቸው በአብዛኛው በቀኝ በኩል ነበር፤ ጣልያን ግን የሚነዳው በመንገዱ ቀኝ ነው። ለምን? ሹፌሩ የገደሉን ጠርዝ ቁልቁል እያየ እንዲነዳ ነው። ለተራራ የታሰበ መኪና እንዲህ ያለ ዝርዝር ውስጥ ይታወቃል።

በተቃራኒው ወገን ያለው ሲኖትራክ ደግሞ የዘመናችን ነው። በየግንባታው ቦታ የምታዩት የታወቀው ሞዴል 371 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ከኤንትሬ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው።

አቀበቱ፦ እዚህ ጋ ወጣቱ ያሸንፋል

ለሙከራችን የአባይን በረሃ እንውሰድ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ርቀት መንገዱ ወደ 1,400 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ አማካይ ተዳፋቱ 7 በመቶ ነው። በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ማለት ነው።

ሁለቱም መኪኖች ከነጭነታቸው 20 ቶን ይመዝናሉ እንበል። በእውነቱ ሲኖትራክ ከዚህ በላይ ይጭናል፤ ለማነጻጸር እንዲመቸን ግን እኩል እናድርጋቸው። በዚህ አቀበት ላይ ኤንትሬ በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሲኖትራክ ደግሞ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊወጡ ይችላሉ። ይህ ሞተሩ ያለውን ሁሉ ሲሰጥ ነው። ኤንትሬ ከነተሳቢው ሲሆን ደግሞ ፍጥነቱ ከዚህም ይወርዳል፤ ለዚህ ነው ረዳቱ ታኮ ይዞ ከመኪናው እኩል መሄድ የሚችለው።

ታዲያ ጉልበቱ ያነሰ መኪና ያን ሁሉ ጭነት እንዴት ተሸክሞ ወጣ? መልሱ ማርሽ ነው። ከባድ ማርሽ ፍጥነትን ሸጦ ግፊትን ይገዛል። ሞተሩ ብዙ ይዞራል፣ ጎማው ትንሽ ይዞራል፣ በምትኩ ጎማው በኃይል ይገፋል። ስለዚህ «ይወጣል ወይስ አይወጣም?» የሚለው የማርሽ ጥያቄ ሲሆን፣ «በስንት ሰዓት ይወጣል?» የሚለው የፈረስ ጉልበት ጥያቄ ነው። አባባ መውጣቱን ያስታውሳሉ፣ ወጣቱ ሰዓቱን ይቆጥራል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ቁልቁለቱ፦ ሃያ ምጣድ

አሁን መኪናውን አዙሩት። 20 ቶን ከ1,400 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 76 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ አሥር በመቶ ያህሉን የጎማና የመንገዱ ሰበቃ ይበላዋል። የቀረው የሆነ ቦታ መሄድ አለበት፤ ጉልበት አይጠፋም፣ መልኩን ብቻ ይቀይራል። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ደግሞ መልኩ ሙቀት ነው።

ይህን ለማየት የእንጀራ ምጣድ እንጠቀም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይፈጃል። መኪናው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ከወረደ መንገዱ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ሙቀት 20 ምጣድ በአንድ ጊዜ ተሰክቶ አንድ ሰዓት ሙሉ እንደመጋል ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ከወረደስ? ጠቅላላ ሙቀቱ ያው ነው፤ ግን በግማሽ ሰዓት ውስጥ መውጣት አለበት። ስለዚህ 40 ምጣድ ይሆናል። ጭነቱን እጥፍ ብታደርጉት 80።

ፍጥነት ሲጨምር ፍሬኑ ለመቀዝቀዝ ጊዜ ያጣል። በዚያ ላይ በእጥፍ ፍጥነት የሚሄድ መኪና ለማቆም አራት እጥፍ ጉልበት መዋጥ ይጠይቃል። ማለትም ፍሬኑ በጣም በሞቀበት ሰዓት ነው ከሁሉ የበለጠ ሥራ የሚጠበቅበት።

በእርግጥ ፍሬኑ «ይበጠሳል»?

አደጋ ሲደርስ «ፍሬን በጥሶ ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። አንዳንዴ በእርግጥ የአየር ወይም የዘይት ቱቦ ይፈነዳል። ቁልቁለት ላይ ግን ምንም ነገር ሳይበጠስ ፍሬን እምቢ ሊል ይችላል።

የከባድ መኪና ፍሬን በአብዛኛው ታምቡር ነው። ከጎማው ጋር የሚዞር የብረት ከበሮ አለ፤ ውስጡ የፍሬን ሸራ የተለጠፈባቸው ጫማዎች አሉ። ፔዳሉ ሲረገጥ ጫማዎቹ ወደ ውጭ ተገፍተው ከበሮውን ያሻሉ። ሙቀቱ ሲበዛ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ሸራው የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፤ 400 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ታምቡር ሙቀቱ በ400 ዲግሪ ቢጨምር ከ1.5 ሚሊ ሜትር በላይ ይሰፋል። ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ከበሮው ከጫማው ይሸሻል፤ ጫማው ደግሞ የሚሄድበት ርቀት የተወሰነ ነው። ሹፌሩ ይረግጣል፣ ፍሬኑ አይይዝም።

የሚያሳዝነው ደግሞ ይሄ ነው፦ ታምቡሩ ሲቀዘቅዝ ወደ ልኩ ይመለሳል። ማታ ላይ የተፈተሸ ፍሬን ደህና ሊመስል ይችላል። ፍሬኑን ያሸነፈው ሙቀት ግን ማስረጃ ሳይተው ሄዷል።

ሞተሩም ፍሬን ነው

እንግዲህ ሙቀቱን ከጎማ ላይ የምናነሳበት ሌላ ቦታ ያስፈልገናል። ያ ቦታ ሞተሩ ነው። ይህን ሐሳብ ከቁልቁለት የተማረ አንድ ሰው ነበር፦ የናፍጣ ሞተር በመሥራት የታወቀው አሜሪካዊው ክሌሲ ከሚንስ። እ.ኤ.አ. በ1931 በካሊፎርኒያ ካሆን በሚባለው የተራራ መተላለፊያ በናፍጣ መኪና ሲወርድ ፍሬኑ በሙቀት ደከመ፤ ከታች ደግሞ የጭነት ባቡር መንገዱን እያቋረጠ ነበር። ለጥቂት ተረፈ። ነገሩ ከአእምሮው አልወጣም፤ ከዓመታት በኋላ ሞተርን ወደ ፍሬን የሚቀይር መሣሪያ ፈለሰፈ። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1961 ገበያ ላይ ዋለ።

እንዴት ይሠራል? የብስክሌት መንፊያ ውሰዱና አፉን በአውራ ጣታችሁ ድፈኑት። ስትገፉት ይከብዳል፤ ስትለቁት ግን የታመቀው አየር መልሶ ይገፋችኋል። ተራ የናፍጣ ሞተርም እንዲሁ ነው፤ አየር ሲያምቅ መኪናውን ይይዘዋል፣ ወዲያው ደግሞ ያን ጉልበት ይመልስለታል። የከሚንስ ብልሃት አየሩ ታምቆ ሲያበቃ ጣትን ማንሳት ነው፤ ቫልቩ ይከፈትና የታመቀው አየር ፉሽ ብሎ ይወጣል። የተመለሰ ነገር የለም። ሌላው ቀለል ያለ ዘዴ የጭስ ማውጫውን ዘግቶ ሞተሩ ከዝግ በር ጋር እንዲታገል ማድረግ ነው። ብዙ ዘመናዊ ከባድ መኪኖች ከሁለቱ አንዱን ይዘው ይመጣሉ።

ታዲያ ማን አሸነፈ?

በፍሬን ቴክኖሎጂ የድሮዎቹ ከዛሬዎቹ አይወዳደሩም። ታዲያ አባባ «ኤንትሬ አይከዳም» ሲሉ ተሳስተዋል? ሙሉ በሙሉ አይደለም። ጉልበት ያነሰው መኪና ሹፌሩን ዝግታ አስተምሮታል። የድሮ ሹፌሮች አንድ ደንብ ነበራቸው፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። በኤንትሬ ይህ ማለት በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ነው። ማለትም 26 ምጣድ ቢበዛ፤ ከዚያ ላይ ደግሞ ሞተሩ የተወሰነውን ይሸከማል። ይኸው ደንብ ለሲኖትራክ ቃል በቃል ከተወሰደ ግን 55 ይሆናል፤ ኩርባ በሞላበት መንገድ ያ አደጋ ነው። አሮጌው ደንብ የተሠራው ለደካማ ሞተር ነበር። ሞተሩ ሲጠነክር ደንቡም መጥበቅ አለበት፦ ከወጣህበት ማርሽ ዝቅ ባለው ውረድ።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። አቀበት ላይ ሲኖትራክ፤ በዝግታ ትምህርት ኤንትሬ፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ማንኛውም ማርሽ ውስጥ ያለ መኪና።

ይህችን የመጨረሻዋን ልብ በሉልኝ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማርሽ አውጥተው የሚወርዱ ሹፌሮች አሉ። ዘመናዊ ሞተር ግን ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሲወርድና እግር ከነዳጁ ላይ ሲነሳ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል። ማርሽ ሲወጣ ነው ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣት የሚጀምረው። ቁጠባ የለም፤ የሞተሩ ፍሬን ግን ጠፍቷል፣ ምጣዱ ሁሉ ወደ ታምቡር ዞሯል።

በሚቀጥለው ጉዟችሁ አውቶቡሱ ገደል ሲወርድ ጆሯችሁን ጣሉ። ሞተሩ እያጓራ ዝግ ካለ፣ «ምነው ቢፈጥን» አትበሉ። ያ ድምፅ የምጣዶቹ ግማሽ ከጎማው ላይ ሲነሳ የሚሰማ ነው። ዝም ብሎ እየተንሸራተተ የሚፈጥን ከሆነ ግን ሹፌሩን በትህትና «ጋሼ፣ በማርሽ ቢወርዱልን» ለማለት አትፈሩ። ምክንያቱን ከተጠየቃችሁ ስሌቱ በእጃችሁ ነው።