ስካር ከቅጣት አያድንም

«ሰክሬ ነበር፤ ምን እንዳደረግሁ አላውቅም» የሚል መከራከሪያ በእንግሊዝና በዌልስ የአምቡላንስ ሠራተኛ ወይም ፖሊስ የመታን ሰው ነፃ አያወጣውም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሕግ በሥራ ላይ ያሉ የድንገተኛ አገልግሎት ሠራተኞችን ማጥቃት ራሱን የቻለ፣ ቅጣቱም የከበደ ወንጀል አደረገው። ጣሪያው መጀመሪያ 12 ወር እስራት ነበር፤ በ2022 ወደ 2 ዓመት ከፍ ብሏል። ለዚህ ክስ አጥንት መሰበር የለበትም፤ ምራቅ መትፋትም ይበቃል።

አእምሮውን የሳተን ሰው መቅጣት ፍትሕ ነውን? ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ የወንጀል ሕግ ሐሳብን ይመረምራልና። ሆኖም በወቅቱ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በ1976 እንደወሰነው፣ ወዶ የሰከረ ሰው እንደ ድብደባ ባለ ወንጀል ስካሩን መከላከያ ሊያደርገው አይችልም። ሳያውቅ መጠጡ ውስጥ ነገር የተጨመረበት ሰው ጉዳይ ለብቻው ይታያል። የቅጣት መመሪያው እንዲያውም ስካርን ቅጣት ከሚያከብዱ ምክንያቶች ይቆጥረዋል። ተገቢ ነው እላለሁ፤ ጠጪው ብርጭቆውን ያነሣው በፈቃዱ ነው፣ የአምቡላንስ ሠራተኛዋ ግን ታካሚዋን መርጣ አትቀበልም፣ ጥላው መሄድም አትችልም። እስር ሱስን አይፈውስም የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው፤ ለዚህም ዳኛው እንደ ጉዳዩ ክብደት በእስር ፈንታ የአልኮል ሕክምና፣ ወይም ቁርጭምጭሚት ላይ በሚታሰር መሣሪያ ክትትል የሚደረግበት ከመጠጥ የመታቀብ ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል።