የሒሳብ መኪናና የፕሮቲን መዝገብ



የሰው አካል አብዛኛውን ሥራውን የሚያከናውነው ፕሮቲን በሚባሉት ረቂቅ ነገሮች አማካይነት ነው። ፕሮቲን ማለት 20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች እንደ ዶቃ ተሰክተው የሚሠሩት ሰንሰለት ሲሆን፣ የዶቃውን ተራ የሚወስነው ከወላጆቻችን የወረስነው ዘር ነው። ሰንሰለቱ ግን እንደ ተዘረጋ አይቀርም፤ ተጠቅልሎ የራሱን ቅርጽ ይይዛል፤ ሥራውም በዚሁ ቅርጽ ይወሰናል። በደማችን ውስጥ ካለው ከሄሞግሎቢን ሰንሰለት አንዲት ዶቃ ስትለወጥ፣ ሄሞግሎቢኑ እርስ በርሱ እየተያያዘ ቀዩን የደም ሕዋስ እንደ ማጭድ ያጎብጠዋል፤ በሽተኛውም በብርቱ ሕመም ይሠቃያል። ስለዚህ የፕሮቲንን ቅርጽ ማወቅ ለሐኪምም ለመድኃኒት ቀማሚም ታላቅ ነገር ነው።

የአንድ ፕሮቲን ቅርጽ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ነው። ጆን ኬንድሩ ከባልደረቦቹ ጋር ማዮግሎቢን የተባለውን የጡንቻ ፕሮቲን በራጅ ጨረር መርምሮ፣ ለሰው እጅ የሚያዳግተውን ስሌት ኤድሳክ በተባለው ኮምፒዩተር ካሠራ በኋላ፣ በ1958 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የቅርጹን ምስል ለዓለም አሳየ። ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ አንዱን ፕሮቲን ለማወቅ ብዙ ጊዜ ዓመታት ይፈጅ ነበር።

በዚሁ አቆጣጠር በ1971 የታወቁት ቅርጾች የሚሰበሰቡበት መዝገብ በአሜሪካ በብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ተከፈተ። ሲጀመር የነበሩት 7 ቅርጾች ብቻ ናቸው። ነገር ግን በየአገሩ ያሉ ሊቃውንት ያገኙትን በአንድ ሥርዓት እያስመዘገቡ፣ የፈለገም ሁሉ ያለ ክፍያ እየተመለከተው፣ በ2020 ቍጥሩ ከ150,000 በላይ ደረሰ። አልፋፎልድ የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም የተማረው ከዚህ መዝገብ ነው። የዶቃውን ተራ ብቻ ተቀብሎ የብዙዎቹን ፕሮቲኖች ቅርጽ አስቀድሞ ለመገመት መቻሉ በ2020 በተደረገው ውድድር ተረጋገጠ፤ በ2022 ደግሞ ከ200 ሚሊዮን በላይ ግምቶች ለሕዝብ ተከፈቱ። ሥራውን የመሩት ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር፣ አዳዲስ ፕሮቲኖችን በስሌት ከነደፈው ከዴቪድ ቤከር ጋር የ2024ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ሆኖም መኪናው የሚሰጠው ግምት እንጂ ፍርድ አይደለም። ግምቱ በቤተ ሙከራ መመርመር፣ መድኃኒቱም በሥርዓት መፈተን አለበት። ደግሞም ኮምፒዩተሩ ምንም ቢፈጥን፣ ያ ሁሉ ሰው ለ50 ዓመት የድካሙን ፍሬ በጥንቃቄ ባይመዘግብና ለሌላው ባያካፍል ኖሮ፣ የሚማርበት ነገር ባላገኘም ነበር። በደንብ የተያዘ መዝገብ፣ ጸሐፊው ያላሰበውን ጥቅም ለልጅ ልጆቹ ይሰጣል።